የአባዬ ቀይ ነጥቦች

እህቴ ዶክተር ናት ስል ሰው ሁሉ ወዲያው የወገቡን ሕመም ይነግረኛል። «የሸርጣን ዶክተር ናት» ስለው ኩም ይላል።

«ሸርጣን ታክማለች?»

«አይ፣ ትገድላለች» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ወገቡ የሚያነሳ የለም።

እኔ ፀጉር ቤት አለኝ። ከወንዙ በላይ ባለው መንገድ ላይ፣ ከልብስ ሰፊዋ ሱቅ ጎን ነው። የበሩን ጽሑፍ የጻፈልኝ አባዬ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሱቅ ስም ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ የተጣመመ ፊደል ካየ ምግብ አይወርድለትም። የሚኖረው ብቻውን ነው፣ ወንዙ ዳር፣ እኔና እህቴ በተወለድንበትና እናታችን ባረፈችበት ቤት። የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻም ያ ቤት ነው።

ይሄ ሸርጣን የወንዛችን ልጅ አይደለም። በመርከብ ተሳፍሮ ከሩቅ ባሕር መጣና፣ ማንም ግባ ሳይለው ገብቶ ወረሰን። የዓሣ እንቁላል ይበላል፣ የአጥማጁን መረብ ይቆራርጣል፣ እሱ አልበቃ ብሎት ደግሞ ዳርቻውን እየቦረቦረ ይተኛበታል። ጉድጓዱ ሲበዛ አፈሩ ይላላል፣ ክረምት ገብቶ ውሃው ሲሞላ ገምሶት ይሄዳል። ከአባዬ ጓሮ አጥሩ ሄዷል፣ የሎሚው ዛፍ ሄዷል፣ እናቴ ልብስ ታሰጣበት የነበረው ቋሚ ሄዷል። አባዬ ወንዙን እያየ የሚቀመጥባት አንዲት ወንበር አለችው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ትንሽ ወደ ኋላ ይስባታል። ዘንድሮ ጀርባዋ የቤቱን ግድግዳ ነካ። ከዚህ በኋላ የምትሳብበት የላትም።

«ና እኔ ጋ ግባ» ብዬ ያልለመንኩት ቀን የለም።

«ቤቴን ለሸርጣን ለቅቄ?» ይለኛል። ዘሩ ነው፤ እኔም ብሆን አልለቅም።

እህቴ የምትሠራው የወንዝ ጥበቃ ቢሮ ነው። በየጠዋቱ ጀልባዋን ይዛ ትወጣለች፣ ወጥመዶቿን ታነሳለች፣ የገባውን ሸርጣን ሰብስባ ወደ ማቀዝቀዣ ትከታለች፤ እዚያው ተኝቶ ይቀራል። ይህን ስትሠራ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ዘንድሮ ግን ኃላፊዋ አንድ ጥያቄ አመጡ። ኃላፊዋን እኛ ቤት «አቶ በጀት» ነው የምንላቸው፤ አፋቸውን ሲከፍቱም ሲዘጉም በበጀት ነው። ጥያቄያቸው፣ «ለመሆኑ ወንዙ ውስጥ የቀረው ሸርጣን ምን ያህል ነው?» የሚል ነበር። ብዙ ከሆነ ወጥመዱ ይቀጥላል፣ የአባዬና የጎረቤቶቹ ዳርቻም በድንጋይ ይገነባል። ጥቂት ከሆነ ግን ወጥመዱም የድንጋዩ ገንዘብም ወደ ሌላ ወንዝ ይሄዳል።

ውሃ ውስጥ ያለ ሸርጣን እንዴት ይቆጠራል? እኔን ከጠየቃችሁኝ አይቆጠርም። ዶክተሯ ግን ዘዴ አላት። አንድ ቀን ፀጉሯን እያጠብኩላት አስረዳችኝ።

«አንድ ጆንያ ባቄላ አለሽ እንበል፣ እትዬ። ስንት ፍሬ እንዳለው ለማወቅ ቁጭ ብለሽ አትለቅሚውም። ጥቂት ፍሬ ታወጪና ቀይ ቀብተሽ መልሰሽ ትቀላቅይዋለሽ። ከዚያ ዓይንሽን ጨፍነሽ አንድ እፍኝ ትዘግኛለሽ። እፍኝሽ ውስጥ ቀዩ ከበዛ ጆንያው ትንሽ ነው። ቀይ ካጣሽ ግን ጆንያው ትልቅ ነው፤ ቀዩ ውስጡ ጠፍቷል ማለት ነው።»

«ሸርጣንን ደግሞ በምን ትቀቢዋለሽ?»

ዞር ብላ የጥፍር ቀለም መደርደሪያዬን አየችው።

«እንዴ! ሙሽሮች የሚቀቡትን?»

«ውሃ አያስለቅቀውም ብለሽ አይደል የምትሸጪው?»

በገዛ አፌ ተያዝኩ። እንግዲህ የወንዛችን ሸርጣኖች ጀርባቸው ላይ ከኔ ደንበኞች የተሻለ ቀይ ነጥብ አድርገው ይንሸራሸሩ ጀመር። ያውም ወንዶቹ ብቻ። ሴቷ እንቁላል ስለምትሸከም አንዲትም ወደ ውሃ እንዳትመለስ አቶ በጀት አስጠንቅቀዋል። ስለዚህ ዶክተሯ እያንዳንዱን ሸርጣን ገልብጣ ሆዱን ታያለች፤ ጠባብ ከሆነ ወንድ ነው፣ ሰፊ ከሆነ ሴት ናት።

«ባልም ስትመርጪ እንዲህ ገልብጠሽ ብታዪ ኖሮ» አልኳት።

አልሳቀችም። ድሮ ቢሆን ፎጣውን ትወረውርብኝ ነበር። ትዳሯ ከፈረሰ ወዲህ ግን ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ሆነች፤ ያቺ ጥርስ የማታስከድን ልጅ ፊቷ እንደ ተዘጋ ሱቅ ሆነብን። እኔ እናደድባታለሁ። አባዬ ግን አይናደድም፤ ቁጭ ብሎ ያያታል እንጂ።

የመጀመሪያውን ቀይ ያገኘች ቀን እኔም ነበርኩ። ለአባዬ ዳቦ ላደርስ ሄጄ፣ እሱ ወንበሯ ላይ፣ እኔ ደፉ ላይ ተቀምጠን፣ እሷ ከታች፣ ወደ ውሃው ከሚወርደው ደረጃ ሥር ያለውን ወጥመድ ስታነሳ እናያለን። ሸርጣን፣ ሸርጣን፣ ሸርጣን። ከዚያ ድንገት እንደ ሕፃን ዘለለች።

«ይሄ የኔ ነው! አባዬ፣ እትዬ፣ እዩት! ይሄ የኔ ነው!»

አንዱን ሸርጣን ከፍ አድርጋ ይዛዋለች፤ ጀርባው ላይ ቀይ ነጥብ አለው። ሸርጣኑ በአየር ላይ ይራገጣል፣ እሷ ትስቃለች። ሳቋ ያው የድሮው ነው፣ ያ የሚያንቋርረው። አባዬ ዳቦውን አፉ ጋ እንዳደረሰው ቀረ።

«ለካ ትስቃለች» አለኝ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቀዩ እየበዛ መጣ። ዶክተሯ ማታ ማታ እየደወለች፣ «እትዬ፣ ዛሬም አገኘሁ!» ትለኛለች። ድምፅዋ ተቀየረ። «ሸርጣኑ እያለቀ ነው። ሥራዬ ሠርቷል ማለት እኮ ነው!»

«የአባዬ ዳርቻስ? ጥቂት ነው ካልሽ ድንጋዩ ሊቀር አይደል?»

«ቆፋሪው ካለቀ ማን ይቆፍረዋል? ዳርቻው በራሱ ይተርፋል።»

እውነቷን ነው ብዬ ተውኩት። ደስታዋን እንዳላበላሽ እንኳን ይሄን፣ ሌላም እተው ነበር።

በዚያው ሰሞን አባዬ ወደ ፀጉር ቤቴ መጣ። አባዬ ወደዚያ አይመጣም፤ «የሴት ወሬ ጆሮዬን ያሳክከዋል» ይላል። በሩ ላይ ቆሞ የገዛ ጽሑፉን ገመገመ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ከዚያ መደርደሪያዬን እያየ፣

«ከዚያ ከቀዩ አንድ ብልቃጥ ትሰጪኛለሽ?» አለኝ።

ፀጉሯን የምሠራላት ሴትዮ አንገቷን አዙራ አየችው።

«ለምንህ ነው አባዬ?»

«ለበሩ እጀታ።»

«የበርህን እጀታ የጥፍር ቀለም ልትቀባው?»

«ዝጓል» አለና ብልቃጡን ኪሱ ከትቶ ወጣ። እግረ መንገዱንም ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ አንገቱን ሰገግ አድርጎ፣ «እንደምን ዋልሽ?» አላት። ልብስ ሰፊዋ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። መልኳንም ቢሆን እግዜር ሰጥቷታል።

በቃ፣ ለኔ ነገሩ አበቃ። አባዬ ሴት ይዟል።

ለዶክተሯ ስነግራት፣ «ተይው እስቲ፣ ይያዝ» አለችኝ። እሷ ምን ገዷት፤ ዓለሟ ሁሉ ቀይ ሸርጣን ሆኗል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ያው ሳምንት ሳይሞላ አባዬ ሁለተኛ ብልቃጥ ሊወስድ መጣ። ኧረ ጉድ ነው! ይቺ ሴትዮ ስንት ጥፍር ነው ያላት? ደህናውን የቀሚሴን ዚፕ ሆን ብዬ ገነጠልኩና ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄድኩ። ዚፑን ስትተክል እጇን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ጥፍሮቿ ልሙጥ ናቸው፣ ቀለም ነክቷቸው አያውቅም።

«ምነው እጄን አየሽው?» አለችኝ።

«ያምራል ብዬ ነው» አልኩና ለማይረባ ዚፕ ከፍዬ ወጣሁ። ታዲያ ሌላ ሴት አለች ማለት ነው! አባዬ፣ በዚህ ዕድሜው፣ ልብስ ሰፊዋን የመሰለች ሴት ጎኑ እያለች ሌላ! ለልብስ ሰፊዋ ሁሉ ተናደድኩላት።

በነጋታው በማለዳ፣ ሰማዩ ገና ሲገላለጥ፣ ዳቦ ይዤ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሊዋሸኝ ከመዘጋጀቱ በፊት ደረስኩበት። ወንበሯ ባዶ ናት። ቤቱ ውስጥም የለም። ከታች፣ ከደረጃው በኩል ግን ድምፁን ሰማሁ። እንዲህ ባለ ለስላሳ ድምፅ አባዬ እናታችንን እንኳ ሲያናግር ሰምቼ አላውቅም።

«ዝም በይ የኔ ቆንጆ። አንዴ ብቻ ነው። አይዞሽ፣ አያምሽም።»

ደሜ ፈላ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጥኩ ወረድኩ።

«አባዬ!»

አባዬ የመጨረሻው ደረጃ ላይ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰክቶ፣ ሱሪውን ወደ ላይ ጠቅልሎ ተቀምጧል። በአንድ እጁ በመቆንጠጫ ሸርጣን ይዟል። በሌላው እጁ የኔን ብሩሽ። ጎኑ ባልዲ አለ፤ ባልዲው ውስጥ ገና ያልተቀቡ «ቆንጆዎች» ይንኮሻኮሻሉ። የዶክተሯ ወጥመድ ከውሃ ወጥቶ፣ አፉን ከፍቶ ተራ ይጠብቃል።

ክው አልኩ። ልብስ ሰፊዋ እንኳ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ነጥብ» አለኝ። ሥራውንም አላቋረጠም። የብሩሹን ጫፍ ጀርባዋ ላይ አሳርፎ ቀስ ብሎ አነሳው፤ ክብ፣ ጠርዙ ያልፈሰሰ ነጥብ። እፍ እፍ ብሎ አደረቀውና ሸርጣኗን ወደ ወጥመዱ ከተታት።

«አባዬ፣ አብደሃል?»

«ልጅቷ ቀይ ስታገኝ ትስቃለች» አለኝ። «ሳታገኝ ስትቀር ፊቷ ምን እንደሚመስል አንቺ አታዪም። እኔ ነኝ በየጠዋቱ ከዚያች ወንበር ላይ ሆኜ የማየው። ይኸው ባልዲ ሙሉ ሸርጣን ከደጄ ይዞራል። አንድ ሁለት ብጨምርላት ምን አለበት?»

አንጀቴን በላው። ተናደድኩም። እኔ ሁለቱን ለይቼ አላውቅም፤ ሆዴ ሲባባ ነው በጣም የምጮኸው።

«ባቄላውን አልነገረችህም?» ብዬ ጮኽኩ።

«የምን ባቄላ?»

ቁጭ ብዬ ነገርኩት። ጆንያውን፣ ቀዩን፣ እፍኙን። አባዬ አዳመጠኝና ፊቱ ፈካ።

«ታዲያ ቀዩ ሲበዛ ሸርጣኑ ጥቂት ነው ማለት አይደል? እሰይ ነዋ!»

«እውነት ጥቂት ሲሆን እሰይ ነው! አንተ ቀብተህ ጥቂት ስታስመስለው ግን ወጥመዱን ነቅለው ይሄዳሉ፣ ድንጋዩንም ለሌላ ይሰጣሉ። ሸርጣኑ ግን አይሄድም፣ አባዬ። እዚሁ ነው ያለው፣ ካንተ ወለል ሥር።»

ባልዲውን አየ። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ወንበሯና ወደ ግድግዳው አየ። ብሩሹን ወደ ብልቃጡ መልሶ ክዳኑን አጠበቀ። አውራ ጣቱ ላይ ትልቅ ቀይ ነጥብ ተቀብቷል፤ በሱሪው ጠረገው፣ አልለቀቀም።

«እኔ ቤቱን ያዳንኩ መስሎኝ» አለ።

ደግ አደርግ ብሎ የገዛ ቤቱን መሠረት ከሸርጣኑ ጋር ሲቆፍር ከርሟል፤ ምን ይባላል? ከጎኑ ተቀመጥኩ። ዳቦውን ለሁለት ቆረስኩት።

«አንቺ እንዳትነግሪያት» አለኝ። «እኔ ያበላሸሁትን እኔ እነግራታለሁ።»

«መቼ?»

«ከስብሰባው በፊት።»

ስብሰባው ሐሙስ ነው። ዶክተሯ ውጤቷን ለአቶ በጀትና ለወንዙ ዳር ነዋሪዎች የምታቀርበው ያን ቀን ነው። «ጥቂት ነው» ብላ ቀድማ ለአቶ በጀት ሹክ ብላቸዋለች፤ እሳቸውም ወጥመዱን የሚጭን መኪና እስከ ማዘዝ ደርሰዋል። እኔን የሚያውቅ ሰው ያውቃል፤ ሐሜት ሆዴ ውስጥ አያድርም። እነዚያን ቀናት ከንፈሬን ነክሼ ስዞር አበጠብኝ። ስልኳ በጠራ ቁጥር «ደንበኛ አለኝ» ብዬ እዘጋባት ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ራሷ መጣች። ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ፣ «እትዬ፣ ዛሬ እንደ ሙሽራ አድርገሽ ሥሪኝ» አለችኝ። ፀጉሯን ከፍቺው ወዲህ አስነክታኝ አታውቅም፤ መታጠብ ብቻ ነበር። «ዝግ» የሚለውን በሩ ላይ ሰቀልኩ። ፀጉሯን በቢጎዲን እየጠቀለልኩላት፣ ነገ የምትናገረውን በመስታወቱ ስትለማመድ እያየሁ፣ አንዱን ቢጎዲን ሁለት ጊዜ ጠቀለልኩት። ጠቅልዬ ስጨርስ ካስክ ሥር አስገባኋትና ማድረቂያውን ከፈትኩት።

አባዬ የገባው ያኔ ነው። ኮቱን ለብሷል፣ ጺሙን ተላጭቷል። መሀል ወለሉ ላይ ቆመ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ሁሉንም ዘረገፈው። ባልዲውን፣ ብሩሹን፣ የበሩን እጀታ። ወንበሯ ላይ ሆኖ ፊቷን ያየባቸውን ጠዋቶች። እናታችን በሕይወት ብትኖር እሷ ታስቃት እንደነበር፣ እሱ ግን ሌላ ማሳቂያ እንደማያውቅ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ማበጠሪያ መጥረግ ጀመርኩ፤ ዓይኔ ምንም አያይም።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» ብሎ ጨረሰና ላቡን ጠረገ። ቀና አለ።

ዶክተሯ በካስኩ ጩኸት ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ስብሰባዋን ትለማመዳለች። ጥላው ፊቷ ላይ ሲያርፍ ዓይኗን ገለጠች፣ ማድረቂያውን አጠፋች።

«እንዴ አባዬ! ኮት ለብሰህ? ምን አልከኝ? አልሰማሁህም።»

አባዬ ወደ እኔ አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ያን ሁሉ እንደገና ለመናገር አቅም አልነበረውም፤ አውራ ጣቱን ብቻ አሳያት።

«ሸርጣኖቹን የቀባኋቸው እኔ ነኝ።»

ስትጮህ ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር። አልጮኸችም። ከነቢጎዲኗ፣ የኔን ፎጣ ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች፣ በሩን ከፍታ ወጣች። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያያታል። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ላይ ተነስታ፣ «ምን ሆናችሁ?» ትለኛለች። እኔና አባዬ ከኋላ ከኋላ እንሮጣለን።

ወንዙ ደረጃ ላይ ስንደርስ የሰሞኑን ቀያዮች ለስብሰባው ያቆየችበትን ወጥመድ አንስታዋለች። አንድ ቀይ አወጣች፣ ገለበጠችው። ሆዱ ሰፊ ነው።

«ሴት» አለች። ሌላ አወጣች። «ሴት።» ሌላ። «ሴት።»

አባዬ ሁሉንም «የኔ ቆንጆ» ነበር የሚላቸው፤ ለካ አብዛኞቹ ላይ ልክ ነበር።

«እኔ እኮ ሴት ቀብቼ አላውቅም» አለች ዶክተሯ፣ ለኛ ሳይሆን ለወንዙ። «መገልበጥ ነበረብኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልገለብጥ ያለፍኩት ሸርጣን የለም። ቀዩን ሳይ ግን ደስ ይለኝና ዝም ብዬ አልፋለሁ።» አንዷን ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። «ነጥቡን ተመልከቱት። እኔ እንዲህ ክብ አድርጌ ሠርቼ አውቃለሁ? ይሄ እንኳ አልታየኝም።»

«ጠርዙን ነው ቀድመሽ መያዝ ያለብሽ» አለ አባዬ፤ ዕድሜ ልክ የለመደው አፉ አመለጠው። ወዲያው ደነገጠና አፉን ዘጋ።

ያኔ አለቀሰች። «አንድ ነገር የተሳካልኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «አንድ ነገር ብቻ፣ አባዬ።»

አባዬ ኮቱን አውልቆ እርጥቡ ደረጃ ላይ አነጠፈላት፣ እሷም ተቀመጠችበት።

«ዝም ብልስ?» አለች በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን በፎጣዬ እየጠረገች። «ከኛ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ወንበሯ» አልኳት።

ዞር ብላ አየቻት። ግድግዳው ላይ ተለጥፋ የቆመችውን ወንበር። ከዚያ አንድ በአንድ ሴቶቹን ሸርጣኖች ለቅማ ወደ ማቀዝቀዣው ሳጥን ከተተቻቸው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው ሰው እንዲህ ያለውን እውነት አላየም መሰለኝ፣ በእጅ እየለቀሙ ነው የሚያጠሩት።

ሐሙስ የቢሮው አዳራሽ በወንዙ ዳር ሰው ሞላ። ዶክተሯ ፀጉሯን ሳታስጨርሰኝ ሄደች፤ በአንድ በኩል ተጠቅልሏል፣ በሌላው በኩል እንደ መጥረጊያ ቆሟል። የኔ ሥራ በከተማው ሁሉ ፊት ተዋረደ። አቶ በጀት ከፊት ወንበር እግራቸውን አነባብረው፣ በፈገግታ ይጠብቋታል።

«ባለፈው ጥቂት ነው ብዬ የነገርኩዎት ልክ አይደለም» አለቻቸው። «ምልክት ያለባቸው ሸርጣኖች በሰው እጅ ወጥመዱ ውስጥ ተጨምረዋል። ማጣራት የኔ ሥራ ነበር፣ አላጣራሁም። ስንት እንደቀረ ዛሬ አላውቅም። እንደገና መቁጠር አለብኝ።»

ፈገግታው ጠፋ። «በጀቱ እኮ...» አሉ አቶ በጀት። «መኪናው ታዟል እኮ!»

«መኪናውን ይመልሱት። ወጥመዱ ተነቅሎ ሸርጣኑ ብዙ ሆኖ ከተገኘ፣ እነዚህ ሰዎች ቤታቸውን ከወንዙ ውስጥ ነው የሚለቅሙት።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ፣ «እውነቷን ነው!» ብላ ጮኸች፤ ያን ቀን ይበልጥ ወደድኳት። አቶ በጀት ግንባራቸውን አሻሹ፣ ወዲያና ወዲህ አዩ፣ በመጨረሻም፣

«እሺ» አሉ። «ቆጠራው እስኪደገም ወጥመዱ ባለበት ይቆያል። የድንጋዩም በጀት አይነካም። መሐንዲሱም ሄዶ ዳርቻውን ይይ።»

አባዬ ጎኔ ትንፋሹን ለቀቀ። ያለቀ መስሎን ነበር።

«ግን» አሉ አቶ በጀት፣ ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ፣ «ይህን ያደረገ ሰው መታወቅ አለበት! የመንግሥት ሥራ መቀለጃ ነው? ማነው?»

ዶክተሯ አልዋሸችም፣ አልተናገረችም። እኔ የአባዬን ኮት ጨምድጄ ያዝኩት፤ ምን ዋጋ አለው፣ እንደ ተማሪ እጁን አንስቶ ተነሳ። አውራ ጣቱ ከነቀይ ነጥቡ ከሰው ሁሉ ራስ በላይ ታየ። ሳሙና ሞክሮ፣ ነዳጅ ሞክሮ፣ ያ የኔ ቀለም እንደሆነ ንቅንቅ አላለም።

«እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?» አሉ አቶ በጀት። «የማን ናቸው?»

ዶክተሯ ወደ ኋላ ዞራ አባዬን አየችው። ኮቱን፣ በሥነ ሥርዓት የተላጨውን አገጩን፣ ከዚያ ያቺን ቀይ ጣት። የከንፈሯ ጫፍ ተንቀጠቀጠ። ሊያስለቅሳት ነው ብዬ ልነሳ ስል፣ ያንኑ የወንዙን ድምፅ ሰማሁት፣ ያንኑ ሸርጣን ከፍ አድርጋ ይዛ የጮኸችበትን።

«ይሄ የኔ ነው!»

ከዚያ ሳቀች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ፀጉሯ እንደቆመ፣ ሆዷን ይዛ፣ እየተንቋረረች ሳቀች። አዳራሹም ተከተላት። አቶ በጀት እንኳ አፋቸውን በወረቀት ሸፈኑ።

አባዬ እጁን እንዳነሳ ቀረ። ማውረዱን ረስቶታል።

«ሳቀች እኮ» አለኝ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ። «ወጥመዱ የለም፣ ሸርጣኑ የለም። ሳቀች።»

«ሰምቻለሁ አባዬ፣ ተቀመጥ፣ ስብሰባ ላይ ነን» ብዬ ጮኽኩበት። ሆዴ ሲባባ ያው እጮኻለሁ።